ላም አለኝ በሰማይ፦ የጠፈር ፕሮግራምን የሚገድለው የገንዘብ ማነስ ነው ወይስ የሐሳብ መቀያየር?

ጨረቃ ቤት (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ናችሁ? ሰሞኑን የናሳን የበጀት ታሪክ ሳገላብጥ አንድ ነገር ከነከነኝ። ብቻዬን ከምብሰለሰል ብዬ እዚህ አመጣሁት። ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።

የተለመደውን ወሬ ሁላችንም እናውቀዋለን። በአፖሎ ጊዜ ገንዘብ እንደ ጉድ ፈሰሰ፣ ሰው ጨረቃን ረገጠ። ከዚያ ገንዘቡ ደረቀና ነገሩ ሁሉ ቀዘቀዘ። ውሸት አይደለም። በ1966 ናሳ ከፌዴራል መንግሥቱ ወጪ 4.4 በመቶ ያህሉን ይወስድ ነበር። ዛሬ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን እዩልኝ። በ1989፣ አፖሎ 11 ያረፈበት 20ኛ ዓመት በሚከበርበት ቀን፣ ትልቁ ቡሽ ተነስቶ «ወደ ጨረቃ እንመለሳለን፣ ቀጥሎ ማርስ» አለ። ሲሰላ ወደ 500 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መጣ። ምክር ቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በ2004 ልጅየው ቡሽ ያንኑ ሐሳብ አነሳና ኮንስቴሌሽን የሚባለው ፕሮግራም ተወለደ። በ2010 ኦባማ ይሰረዝ አለ፤ መድረሻው አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር ትልቅ ድንጋይ) ሆነ። በ2017 መጨረሻ ደግሞ ትራምፕ «አይ፣ ጨረቃ ነው» ብሎ ፈረመ። ኮንስቴሌሽን ሲዘጋ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበት ነበር።

ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይሄ ነው። ስለዚህ የእኔ አቋም፦ ገዳዩ ገንዘቡ ሳይሆን መቀያየሩ ነው። ተሟገቱኝ።

ቀብድ

ፕሬዚዳንት በየአራት ዓመቱ፣ ሮኬት በየአሥር ዓመቱ። ሒሳቡ ከመጀመሪያውም አይገጥምም።

አባ ቆጣቢ

እኔ ከሁለቱም የለሁበትም። የሚገድለው ጥቅሙ አለመታየቱ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ግብር የሚከፍለው ሰው ከጨረቃ የመጣ ድንጋይ ምን ይሠራለታል? አፖሎን እንደ ወርቃማ ዘመን ታወሩታላችሁ እንጂ፣ በ1960ዎቹ በተሰበሰቡ የሕዝብ አስተያየቶች እንኳ «ይሄ ወጪ በዛ» የሚለው ወገን ብዙ ጊዜ ያመዝን ነበር። አፖሎ 18፣ 19 እና 20 የተሰረዙት በ1970 ነው። ሰው ጨረቃን በረገጠ በዓመቱ ማለት ነው! ሐሳብ የተቀየረው ሕዝቡ ከመጀመሪያውም ልቡ ስላልነበረበት ነው።

የበጀት ሰው

ጨረቃ ቤት፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ መልስህ ግን ግማሽ ነው። እንጀራዬ በጀት ነው። የጠፈር ሳይሆን የመንገድ፣ ግን በሽታው አንድ ነው።

ኮንስቴሌሽንን ኦባማ ገደለው አትበል። ሞቶ ነው ያገኘው። በ2009 በኖርማን ኦገስቲን የሚመራ ኮሚቴ መዝገቡን ገልጦ ሲያይ፣ ዕቅዱ የጨረቃ ገንዘቡ የምድር ሆኖ አገኘው። በዓመት ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ካልተጨመረ ሰው ከምድር ዙሪያ ርቆ የትም እንደማይሄድ ተናገረ። ጭማሪው አልመጣም። ኦባማ የፈረመው የቀብር ወረቀቱን ነው።

አሁን ሰው የማይገባውን ነገር ልንገራችሁ። የፕሮጀክት ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሥራ ስትሠራ የሚወጣ ነው፦ ብረቱ፣ ነዳጁ፣ ሙከራው። ሌላው ሠራህም ተኛህም የሚወጣ ነው፦ የመሐንዲሱ ደመወዝ፣ የሙከራ ጣቢያው መብራት፣ የጥበቃው፣ የጥገናው። በጀቱን በግማሽ ስትቆርጠው የሚቆረጠው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው ፍንክች አይልም። ስለዚህ ፕሮጀክቱ በግማሽ ፍጥነት ሳይሆን ከዚያም ባነሰ ይሄዳል፣ ጠቅላላ ዋጋውም ያብጣል።

በሥራዬ የማውቀው አንድ ድልድይ አለ። ሦስት ዓመት ተብሎ ተጀመረ። ገንዘቡ በየዓመቱ እየተሸራረፈ ስምንት ዓመት ፈጀ። ክሬኑ ስምንቱንም ዓመት እዚያው ቆሞ ኪራይ ይቆጥር ነበር። ሠራተኞቹ ጥላው ሥር ምሳ ይበሉ ነበር። ሌላ ጥቅም ሲሰጥ ያየሁት የለም።

ወደ ጠፈሩ ስንመለስ፣ ሹትል (ተመላላሹ የናሳ መንኮራኩር) በ2011 ሲቆም አሜሪካ የራሷን ሰው ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የምታደርስበት አልነበራትም። የግል ኩባንያዎች እንዲያጓጉዙ የታሰበው ፕሮግራም ለ2012 በጀት 850 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀ። የተሰጠው ወደ 400 ሚሊዮን ነው። «ቆጠብን» ተባለ። የመጀመሪያው ሰው የጫነ የስፔስኤክስ በረራ እስከ ግንቦት 2020 ዘገየ። ለመዘግየቱ ምክንያቱ ይሄ ብቻ አይደለም፣ ግን አንዱ ይሄ ነው። እስከዚያው ለሩሲያው ሶዩዝ መንኮራኩር ወንበር ይከፈል ነበር። መጨረሻ ላይ የአንዱ ወንበር ዋጋ ከ80 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። የተቆጠበው የት ገባ?

ጨረቃ ቤት

ይመችህ የበጀት ሰው። ክሬኑ ገደለኝ። ግን እኮ ለእኔ ነው የመሰከርከው። ገንዘቡ መጠኑ ሳይሆን መዋዠቁ ነው ችግሩ።

የበጀት ሰው

ግማሹን ብቻ ነው የመሰከርኩልህ። ከመጀመሪያውም የማይበቃ ገንዘብ ሳይዋዥቅ ቢመጣ ምን ይረባል? በዚያ ላይ የበጀት ዓመታቸው ጥቅምት 1 ይጀምራል፣ ምክር ቤቱ ግን በጊዜው አያጸድቅም። እስኪጸድቅ ባለፈው ዓመት ልክ እየወሰዳችሁ ቆዩ ይባላል። በዚያ ጊዜ አዲስ ሥራ መጀመር ክልክል ነው። ዕቅድህ ዘንድሮ ሞተር መግዛት ከሆነ፣ ሞተሩ ይጠብቃል። ደመወዝ ግን ይከፈላል።

ወ/ሮ ምህዋር

ከሁላችሁም ልለይ። አለመቀያየርም ይገድላል።

ኦባማ ኮንስቴሌሽንን ይሰረዝ ሲል ምክር ቤቱ ዝም ብሎ አላየም። በዚያው በ2010 ናሳ ትልቅ ሮኬት እንዲሠራ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ከዚህም አልፎ፣ በተቻለ መጠን የሹትልን ኮንትራቶች፣ የሹትልን ሠራተኞች፣ የሹትልን ዕቃ ተጠቀሙ ይላል። ኤስኤልኤስ የሚባለው ሮኬት እንዲህ ተወለደ። ንድፉን መሐንዲስ ሳይሆን የምርጫ ክልል ካርታ ነው ያወጣው ብል ብዙም አልተሳሳትኩም።

በ2016 መጨረሻ ዝግጁ ይሁን ተባለ። የበረረው ኅዳር 16 ቀን 2022 ነው። የናሳ ዋና ተቆጣጣሪ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ለምክር ቤቱ ቀርቦ፣ የመጀመሪያዎቹ አራት በረራዎች እያንዳንዳቸው 4.1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጁ ተናገረ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሞተሮቹ ናቸው። አርኤስ-25 ይባላሉ። ለሹትል የተሠሩ ናቸው። በሹትል ጊዜ ይበራሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይፈተሻሉ፣ እንደገና ይበራሉ። የሞተር ጠበብት ሰዓሊ ሥዕሉን እንደሚያውቅ እያንዳንዱን በቁጥሩ ያውቁት ነበር። አሁን አራት አራቱ በአንድ በረራ ባሕር ውስጥ ይጣላሉ። ደጋግሞ እንዲበር የተሠራን ሞተር አንዴ አብርሮ መጣል!

እና ልብ በሉ፣ ፕሬዚዳንቶች ተፈራረቁ፣ ኤስኤልኤስ ግን በየዓመቱ ገንዘቡን አገኘ። አንዳንዴ ናሳ ከጠየቀው በላይ። ጨረቃ ቤት የሚመኘው ጽናት ይኸው። ጽናቱ የመጣው ሥራው በብዙ ግዛት ስለተበተነ ነው። ውድ ያደረገውም ያው መበተኑ ነው።

ቀብድ

አቦ ወ/ሮ ምህዋር፣ ይሄን ክር እዚህ ላይ መዝጋት ይቻል ነበር 😄

ስለ ኮንትራት ግን አንድ ነገር ልጨምር። በድሮው ውል መንግሥት ለኩባንያው «ያወጣኸውን ሁሉ እከፍላለሁ፣ ትርፍም እጨምርልሃለሁ» ይላል። እንዲህ ከሆነ ማን ይቸኩላል? በአዲሱ ውል ዋጋው ተቆርጧል፤ ከበለጠ ከኪስህ። በ2014 ሰው ለማጓጓዝ ቦይንግ 4.2 ቢሊዮን፣ ስፔስኤክስ 2.6 ቢሊዮን ዶላር ተዋዋሉ። ቦይንግ በ2024 ሰኔ ሁለት ሰው ይዞ ወጣ፣ መንኮራኩሩ መስከረም ላይ ባዶውን ተመለሰ። ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ኩባንያው ራሱ ዋጠ። በድሮው ውል ቢሆን የሚውጠው ግብር ከፋዩ ነበር።

የበጀት ሰው

እውነት ነው፣ ግን የተቆረጠ ዋጋ የሚሠራው የምትፈልገውን ስታውቅ ነው። ሰው እዚህ ጣቢያ አድርስልኝ ማለት ይቻላል። ማንም ሠርቶት የማያውቀውን ቴሌስኮፕ በተቆረጠ ዋጋ ሥራልኝ ብትል፣ ወይ ማንም አይጫረትም፣ ወይ ተጫርቶ ይከስርና ጥሎህ ይሄዳል።

ኮሜት

ቴሌስኮፕ ካነሳችሁማ ዌብ፣ የናሳው የጠፈር ቴሌስኮፕ! በ2011 የተወካዮች ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ሊያነሳበት ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ተረፈ። ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ጨርሶ በ2021 የገና ዕለት ተወነጨፈ። የወጪ አያያዙን ማንም ምሳሌ አድርጎ አያስተምርበትም። ምስሎቹን ግን ተመልከቷቸው። በቃ፣ ይኸው ነው ያለኝ።

ዝምተኛው

ብዙም አልጽፍም፣ ግን የእንግሊዝ ታሪክ ሳይነሳ ቢቀር ቅር ይለኛል።

እንግሊዞች ብላክ አሮው የሚባል ሮኬት ነበራቸው። አነስ ያለ፣ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በኬሮሲን የሚሄድ። ሐምሌ 1971 ሚኒስትሩ ፓርላማ ቆሞ ፕሮግራሙ ተሰርዟል አለ። ምክንያቱ የሒሳብ ነው፦ የአሜሪካኖቹ ስካውት ሮኬት ላይ ቦታ መግዛት ይረክሳል ተባለ። ችግሩ፣ አንድ ሮኬት ተሠርቶ በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ተጭኖ ሄዷል። እንግዲህ ከሄደ ይወንጨፍ ተባለ። ጥቅምት 28 ቀን 1971 ከዉሜራ ተነስቶ ፕሮስፔሮ የምትባለውን ሳተላይት ምህዋር ላይ አስቀመጠ።

አስቡት እስቲ። የስንብት ደብዳቤህን ተቀብለህ፣ ዕቃህን ሰብስበህ፣ ልትወጣ ስትል ሥራው ተሳካ። ሳተላይት የማምጠቅ ችሎታ አዳብራ የተወችው አገር እንግሊዝ ብቻ ናት። የሚቀጥለው ሮኬት ተሠርቶ አልቆ ነበር። ዛሬ ለንደን ሙዚየም ውስጥ ተንጠልጥሏል።

አሜሪካኖቹም ከዚህ የጸዱ አይደሉም። ሰው ጨረቃ ያደረሰውን ሮኬት ሳተርን 5ን ጥለው ሹትልን ያዙ፤ በየሳምንቱ ይበራል፣ ርካሽ ይሆናል ተብሎ። በ30 ዓመት 135 ጊዜ በረረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። የተረፉት ሳተርኖች ሂዩስተንና ሌላም ቦታ ተጋድመው ቱሪስት ፎቶ ይነሳባቸዋል።

አባ ቆጣቢ

ዝምተኛው፣ የእንግሊዙ ሚኒስትር ምን አጠፋ? የሚረክሰውን ገዛ። እኔም እንደሱ ነበር የማደርገው።

የካርታ ልጅ

አባ ቆጣቢ፣ ይሄኛው ለእርስዎ ነው። ስለ ወተቷ።

ተማሪ እያለሁ የመመረቂያ ሥራዬ የደን ሽፋን ለውጥ ነበር። የአንድ ቦታ የሳተላይት ምስል ያስፈልገኛል፤ የድሮና የአሁን። ያኔ ላንድሳት 7 የተባለችው የአሜሪካ ሳተላይት የምታነሳው አንድ ምስል ወደ 600 ዶላር ነው። ክፍላችን በዓመት ለሁለት ምስል የሚሆን ገንዘብ ነበረው። ለሁላችን! ማን ይውሰድ በሚለው ስንት ስብሰባ እንደተቀመጥን አልነግራችሁም። በመጨረሻ አንዱ ለእኔ ደረሰ። ትንሿን ናሙና ምስል ሳያት ደመናው ጥግ ላይ ብቻ ያለ መስሎኝ አዘዝኩ። ሲዲው መጣ። ከፈትኩት። ስስ ደመና እንደ ነጠላ ደኑን በሙሉ ሸፍኖታል። ናሙናዋ ላይ ጭጋግ እንኳ አይመስልም ነበር። አማካሪዬ መነጽሩን አውልቆ አየው፣ መልሶ አደረገው፣ «ደመናው ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል» አለኝ።

ይሄን የማወራው የፖሊሲ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ላንድሳት በ1972 ነው የጀመረው። በ1984 መንግሥት «ራሱን ይቻል» ብሎ ሥራውን ለግል ኩባንያ የሚያስተላልፍ ሕግ አወጣ። የአንድ ምስል ዋጋ ከ4,000 ዶላር በላይ ገባ። ገዢ ጠፋ። ተማሪና ተመራማሪ እጁን ሰበሰበ። ኩባንያው ከሽያጩ አዲስ ሳተላይት የሚያሠራ ገቢ አላገኘም። በ1989 የሚሠሩት ሳተላይቶች ገንዘብ የለም ተብሎ እንዲጠፉ ትዕዛዝ ሁሉ ወጥቶ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ነው የተረፉት። በ1992 ሌላ ሕግ ወጥቶ ወደ መንግሥት ተመለሰ። በ1993 ላንድሳት 6 ምህዋር ሳይደርስ ጠፋ። በዚህ ሁሉ መሃል መዝገቡ ያልተቋረጠው፣ ለሦስት ዓመት ተብላ የተሠራችው ላንድሳት 5 ወደ 29 ዓመት ገደማ ስለሠራች ነው። ፖሊሲው አልነበረም ያዳነን። አንዲት አሮጊት ሳተላይት ናት።

ከዚያ በ2008 ምስሉ ሁሉ በነፃ ሆነ። በቃ፣ በነፃ። ከዚያ በፊት ብዙ በተሸጠበት ዓመት የተሸጠው ወደ 25,000 ምስል ነበር። ነፃ ከሆነ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ምስል ወረደ። ሳተላይቱ ያው፣ ካሜራው ያው፣ የመንግሥት ወጪ ያው። የተቀየረው አንድ ውሳኔ ነው። ዛሬ የሰብል ግምት፣ የጎርፍ ካርታ፣ የመስኖ ውሃ ልኬት የሚሠራ ሰው ሁሉ ሳይከፍል ያወርዳል። እኔ ያን ደን ከዚያ ወዲህ ከ40 ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ።

ጨረቃ ቤት

የካርታ ልጅ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። እኔ ሮኬት ሮኬት ስል ነበር፣ ለካ ገንዘቡ ከወጣ በኋላም ጥቅሙን ቆልፎ ማስቀመጥ ይቻላል።

ግን አንድ ጥያቄ። ይሄን መዋዠቅ የሚያስር ነገር የሠራ አለ?

ወ/ሮ ምህዋር

አውሮፓውያኑ በከፊል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ውስጥ የሳይንስ ፕሮግራሙ የውዴታ አይደለም፣ አባል የሆነ ሁሉ በገቢው ልክ የግድ ያዋጣል። ገንዘቡም የሚወሰነው በየዓመቱ ሳይሆን ለአምስት ዓመት ነው። አንድ መንግሥት ተቀይሮ «አልከፍልም» ቢል ብቻውን ማቆም አይችልም። ለዚህም ነው ሃያ ዓመት የሚፈጅ ሥራ በእርጋታ የሚያቅዱት። ዋጋ አለው ታዲያ፦ ያዋጣኸው ገንዘብ በኮንትራት መልክ ወደ አገርህ መመለስ አለበት። የእኔው ካርታ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ሥራው የሚሄደው ሁልጊዜ ለተሻለው አይደለም።

የበጀት ሰው

ህንድንም አትርሱ። አባ ቆጣቢ ይወዷታል። የጠፈር ፕሮግራሟ አባት ቪክራም ሳራባይ ከመጀመሪያው «ጨረቃ ላይ ከሀብታሞች ጋር አንሽቀዳደምም፣ ለራሳችን ችግር ነው የምንጠቀምበት» የሚል አቋም ነበረው። በ1963 የመጀመሪያዋን ትንሽ ሮኬት ከቱምባ ሲያስወነጭፉ ቢሯቸው የድሮ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የሮኬት ክፍል በብስክሌት ሲጓጓዝ የሚያሳየውን ፎቶ ያላየ የለም። በ1975 እና 76 ከአሜሪካ በተዋሱት ሳተላይት ከ2,000 በላይ ለሚሆኑ መንደሮች የትምህርት ቴሌቪዥን አሰራጩ። ወተቷ መጀመሪያ መጣች፣ ጨረቃ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይታ።

ለእኔ ዋናው ግን 2019 ነው። የህንድ የጨረቃ ተልእኮ የቻንድራያን 2 አራፊ መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ሊያርፍ ሲል ተከሰከሰ። ሌላ ቦታ ቢሆን አጣሪ ኮሚቴ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ አዲስ አቅጣጫ ይመጣ ነበር። እነሱ ያንኑ ሥራ አርመው ደገሙት። ነሐሴ 23 ቀን 2023 ከደቡብ ዋልታው ብዙም ሳይርቅ አረፉ። ወጪው ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ርካሽነቱ የደመወዙ ብቻ አይደለም። መሐንዲሶቹ አልተበተኑም። እንደ አዲስ ሰው መቅጠር፣ እንደ አዲስ ማሠልጠን አላስፈለገም። ክሬኑ አልቆመም ማለት ነው።

ቀብድ

በዚያ መነጽር የ2025ቱን ዓመት እዩት። ዋይት ሐውስ የናሳን በጀት ከ24.8 ወደ 18.8 ቢሊዮን ዶላር አውርዱ ብሎ ጠየቀ፤ የሳይንሱን ወደ ግማሽ ገደማ። ምክር ቤቱ እስኪወስን ስንት ወጣት መሐንዲስ ሌላ ሥራ አመለከተ? ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ ሰውየው ይመለሳል?

አባ ቆጣቢ

የምስሉንና የህንዱን ተቀብያለሁ። ወተት ነው፣ አየሁት። ሰው ጨረቃ ላይ የሚልከው ላይ ግን አሁንም እዚያው ነኝ። ኤስኤልኤስ ላይ ደግሞ ወ/ሮ ምህዋር ከእኔ የባሱ ቆጣቢ ሆነው አገኘኋቸው።

የካርታ ልጅ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ያን ደመና ስታሳያቸው ገንዘባችሁን መልሰውላችኋል?

የካርታ ልጅ

አልመለሱልንም ጋሼ። ሲዲው ግን አሁንም አለኝ።